ጣሊያን ኑሮ ሲጀመር፦ ከመኖሪያ ፈቃዱ እስከ ወጥ ቤቱ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ በሥራ፣ በትምህርት ወይም በቤተሰብ ምክንያት ጣሊያን ገብተው ቤት ለሚይዙ የተዘጋጀ ነው። የወረቀቱን ጉዳይ አጠር፣ የወጥ ቤቱን ሰፋ አድርገነዋል፤ ወረቀቱ አንዴ ያልቃል፣ ምድጃው ግን የየቀን ጉዳይ ነው። ክፍያዎች ስለሚለዋወጡ ከመክፈልዎ በፊት ፖስታ ቤት ወይም ኮሙኔ (ማዘጋጃ ቤት) ጠይቀው ያረጋግጡ።

እንደገባሁ መጀመሪያ የማደርገው ምንድን ነው?

ከገቡበት ቀን አንስቶ በ8 የሥራ ቀናት ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ (ፔርሜሶ ዲ ሶጆርኖ) ማመልከት አለብዎት። በትምህርት ቪዛ የመጣ ሰው በቀጥታ ፖስታ ቤት ሄዶ “ስፖርቴሎ አሚኮ” ከሚባለው መስኮት ቢጫ መስመር ያለበትን ኪት (የማመልከቻ ቅጾች ፖስታ) በነጻ ይወስዳል። በሥራ ወይም በቤተሰብ ማገናኘት ቪዛ ለመጣ ሰው ቅጹ የሚደርሰው በፕሬፌቱራ (የመንግሥት የአውራጃ ጽሕፈት ቤት) ባለው ስፖርቴሎ ኡኒኮ በሚባለው የስደተኞች ጉዳይ ቢሮ በኩል ነው። ጥገኝነት ጠያቂ በፖስታ አያመለክትም፤ ኩዌስቱራ (የፖሊስ መምሪያ) በአካል ይቀርባል።

ፖስታውን ሳያሽጉ ይዘው ይሂዱ፤ ሠራተኛው ፓስፖርትዎን አይቶ ነው የሚቀበለው። የአንድ ዓመት ፈቃድ ወጪ እንዲህ ይደመራል፦ ከትምባሆ ሱቅ የሚገዛ ቴምብር (ማርካ ዳ ቦሎ) 16 ዩሮ፣ የፖስታ 30 ዩሮ፣ የካርዱ 30.46 ዩሮ፣ የፈቃዱ 40 ዩሮ፤ ባጠቃላይ 116.46 ዩሮ። ፈቃዱ እስከ ሁለት ዓመት ከሆነ የመጨረሻው ክፍያ 50 ይሆናል። የሚሰጥዎትን ደረሰኝ (ሪቼቩታ) አደራ አይጣሉት፤ ካርዱ እስኪወጣ ድረስ ሕጋዊ መሆንዎን የሚያሳየው እሱ ነው። ለጣት አሻራ ሲቀጠሩ 4 ጉርድ ፎቶግራፍና የሰነዶቹን ዋና ቅጂ ይዘው ይሂዱ። እድሳቱን ደግሞ ፈቃዱ ሊያልቅ 60 ቀን ሲቀረው ይጀምሩ።

ኮዲቼ ፊስካሌዬ (የግብር መለያ ቁጥሬ) ላይ ስሜ ተሳስቶ ወጣ፤ ችግር አለው?

አለው፤ ሳይውል ሳያድር ያስተካክሉት። ያለ ኮዲቼ ፊስካሌ የኪራይ ውል፣ የባንክ ሒሳብ፣ የሥራ ውል፣ ሐኪም አይገኝም። የሚሰጠው በአጀንሲያ ዴሌ ኤንትራቴ (የግብር መሥሪያ ቤት) ነው፤ ክፍያ የለውም። ፊደልና ቁጥር ተቀላቅሎ 16 ሲሆን አወጣጡ ሥርዓት አለው፦ ከኮኞሜ (ከቤተሰብ ስም) 3 ፊደል፣ ከራስ ስም 3 ፊደል፣ የልደት ዓመት፣ ወርና ቀን፣ የትውልድ አገር ኮድ፣ በመጨረሻም አንድ ማረጋገጫ ፊደል። ለሴቶች በልደት ቀኑ ላይ 40 ይደመራል፤ ወር በገባ በ12 የተወለደች ሴት 52 ቢጻፍላት ትክክል ነው። የኢትዮጵያ ኮድ ዜታ 315፣ የኤርትራ ዜታ 368 ነው።

የኛ ሰው የሚቸገረው በስሙ አጻጻፍ ነው። ቅጹ ያለው ሁለት ሳጥን ብቻ ሲሆን እኛ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ይዘን እንመጣለን። አንዱ መሥሪያ ቤት የአባትን ስም ብቻ፣ ሌላው የአባትንና የአያትን አንድ ላይ ኮኞሜ ብሎ ከመዘገበ ኮዱ አይገጥምም፤ አንድ ሰው እንደ ሁለት ሰው ይቆጠራል። መፍትሔው ፓስፖርቱ ላይ ያለውን አቀማመጥና የፊደል አጣጣል እንዳለ በሁሉም ቦታ መከተል ነው። የልደት ቀንም እንደዚያው፤ ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲቀየር ሰነዶቹ ላይ ልዩነት ካለ ጣሊያን ውስጥ የሚሠራው ፓስፖርቱ ላይ ያለው ነው።

ሬዚደንሳ አመልክቼ ተከለከልኩ፤ ለምን ይሆን?

ብዙ ማመልከቻ የሚወድቀው በሰነድ ጉድለት ሳይሆን በበር ደወል ነው። የነዋሪነት ምዝገባ (ሬዚደንሳ) የሚሠራው በኮሙኔው አናግራፌ (የነዋሪዎች መዝገብ ክፍል) ሲሆን አዲስ ቤት ከገቡ በ20 ቀን ውስጥ ማስታወቅ ይገባል። ኮሙኔው በ2 የሥራ ቀን ውስጥ ይመዘግብዎትና በ45 ቀን ውስጥ የከተማ ፖሊስ (ቪጂሌ) ልኮ በእርግጥ እዚያ መኖርዎን ያጣራል። ሰውየው ሲመጣ ደወሉና የፖስታ ሳጥኑ ላይ ስምዎን ካላገኘ “የለም” ብሎ ይጽፋል። ስለዚህ ማመልከቻውን ባስገቡበት ቀን ስምዎን ሁለቱም ቦታ ላይ፣ በፓስፖርቱ አጻጻፍ ይለጥፉ። ቀን ሥራ የሚውሉ ከሆነ ቤት የሚገኙበትን ሰዓት ማመልከቻው ላይ ያመልክቱ።

ዘመድ ወይም ወዳጅ ቤት ካረፉ ያሳረፈዎት ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ ወይም ለኮሙኔ ማስታወቅ አለበት። ቅጣቱ በእሱ ላይ ስለሚወድቅ ቀድመው ያስታውሱት።

የቤት ኪራይ ውል ስፈርም ምን ልይ?

ውሉ በ30 ቀን ውስጥ በአጀንሲያ ዴሌ ኤንትራቴ መመዝገቡን። ያልተመዘገበ ውል ዋጋ የለውም፤ በእሱ ሬዚደንሳም ፈቃድ እድሳትም ያስቸግራል። የምዝገባውን ደረሰኝ ቅጂ በእጅዎ ይያዙ። ውሎቹ በዋናነት 4+4 ዓመት፣ ኪራዩ በስምምነት ተመን የሚወሰንበት 3+2፣ እና ከ1 እስከ 18 ወር የሚቆይ ጊዜያዊ ውል ናቸው። መያዣ ከ3 ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም። የጋራ ሕንፃ ወጪ (ስፔዜ ኮንዶሚኒያሊ) ከኪራዩ ውስጥ ነው ወይስ ለብቻ? ማሞቂያው የሕንፃው ነው ወይስ የቤቱ? ክረምት ላይ ወጪውን የሚለየው ይህ ነው። ቤቱን ሳያዩ ገንዘብ አይላኩ።

ምድጃው ጋዝ ነው ወይስ ኢንዳክሽን ብለውም ይጠይቁ። ኢንዳክሽን ላይ የሸክላ ጀበናም፣ ሞካ የሚባለው የጣሊያን የአሉሚኒየም ቡና ማፍያም አይሠራም።

ሐኪም እንዴት አገኛለሁ?

ፈቃድዎን ወይም ሪቼቩታዎን፣ ኮዲቼ ፊስካሌዎንና አድራሻዎን ይዘው አ ኤሴ ኤሌ (ASL፣ የአካባቢ ጤና ጽሕፈት ቤት) ይሂዱ፤ ከዝርዝር ውስጥ የቤተሰብ ሐኪም (ሜዲኮ ዲ ባዜ) ይመርጣሉ። ሠራተኛና በቤተሰብ ማገናኘት የመጣ ሰው በነጻ ይመዘገባል፤ ተማሪ ከፈለገ በዓመት 700 ዩሮ ከፍሎ ይገባል። ወረቀት የሌለው ሰው “ኤሴ ቲ ፒ” የሚባል ለ6 ወር የሚያገለግልና የሚታደስ ኮድ ተሰጥቶት አስፈላጊ ሕክምና ያገኛል። አስቸኳይ ከሆነ 112 ነው።

የእንጀራ ምጣድ ሳበራ መብራቱ ለምን ይጠፋል?

የአብዛኛው ቤት የመብራት ውል 3 ኪሎዋት ብቻ ስለሆነ ነው። ቆጣሪው እስከ 3.3 ይታገሣል፤ ከዚያ ሲያልፍ ትንሽ ቆይቶ ራሱን ይዘጋል። ከአዲስ አበባ የሚመጡ የሸክላ ምጣዶች ውስጥ ብቻቸውን ከ3 ኪሎዋት በላይ የሚስቡ ብዙ ናቸው። ከምጣዱ ሥር ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ፤ የተጻፈው በአምፒር ከሆነ በ230 ያባዙት፤ 12 አምፒር ማለት ወደ 2.8 ኪሎዋት ነው። ኃይሉ የሚበቃው እንኳ ከሆነ ሲጋግሩ ፎርኖ (ኦቨን)፣ ልብስ ማጠቢያና የውኃ ማሞቂያ ጠፍተው መቆየት አለባቸው። በየሳምንቱ የሚጋግር ቤተሰብ የመብራት ድርጅቱን ጠይቆ ውሉን ወደ 4.5 ኪሎዋት ቢያሳድግ ይሻለዋል፤ አንድ ጊዜ የሚከፈል ክፍያ አለው፣ ወርሃዊው መደበኛ ሒሳብም ትንሽ ከፍ ይላል።

ቮልቴጁ ከኢትዮጵያው ጋር ስለሚቀራረብ ትራንስፎርመር አያስፈልግም። አደጋው ያለው ሶኬቱ ላይ ነው። ጣሊያን ውስጥ ባለ ቀጭን እግሩ 10 አምፒር፣ ባለ ወፍራም እግሩ 16 አምፒር፣ ክቡ ሹኮ ደግሞ 16 አምፒር ነው። ምጣድን በቀጭኑ ወይም በርካሽ ማባዣ ላይ አይሰኩ፤ ይግላል፣ ይቀልጣል።

ሲጠፋ የትኛው እንደወደቀ ይዩ። ምድር ቤት ወይም ደረጃው ሥር ያለው ቆጣሪ ከሆነ የኃይል ብዛት ነው፤ ምጣዱን ነቅለው ማንሻውን ይመልሱ። ቤት ውስጥ ያለው “ሳልቫቪታ” (ኃይል ሲያፈስ የሚዘጋው መከላከያ) ከወደቀ ግን ኃይል እያፈሰሰ ነው፤ ብዙ ጊዜ እርጥበት የገባበት ምጣድ ወይም የተላጠ ገመድ ነው። ሳይታይ ደግመው አያብሩት።

ቅቤ፣ ቋንጣና አይብ ከአገር ቤት ይዤ መግባት እችላለሁ?

አይችሉም። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ በሻንጣ የሚመጣ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ የተከለከለ ነው፤ ጉምሩክ ላይ ይወረሳል። ለቅቤ ግን አይቸገሩም። የጣሊያን ቅቤ ጨው የለውም፣ ቅባቱ ብዙውን ጊዜ 82 በመቶ ነው። 1 ኪሎ ቅቤ በለሆሳስ እሳት አቅልጠው ኮረሪማ፣ ኮሰረት፣ በሶብላና እርድ ጨምረው አረፋው እስኪጠራ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ያንጥሩ፤ ከ800 ግራም የማያንስ ንጥር ያገኛሉ። እሳቱ ከጠነከረ ከታች የሚዘቅጠው ያርርና ቅቤው ይመራል።

የዶሮ ወጥ ሥጋው ለምን ይፈርስብኛል?

ሱፐርማርኬት ውስጥ “ፖሎ” ተብሎ የሚሸጠው ዶሮ ገና ለጋ ስለሆነ ረጅም ብስለት አይችልም። ሥጋ ቤት ሄደው “ጋሊና” ይበሉ፤ እንቁላል ስትጥል የቆየች ዶሮ ናት። ጣሊያኖች ለመረቅ ነው የሚገዟት። ሥጋዋ ጠንካራ ስለሆነ ቁሌቱ ውስጥ ሳትፈርስ ትበስላለች፣ መረቋም ወፍራም ነው። ለክትፎ ደግሞ የተፈጨ አይግዙ፤ “ኖቼ” ወይም “ፌዛ” ከሚባለው ቀይ ሥጋ ያስቆርጡና በጥሬው የሚበላ መሆኑን ይንገሩ። ፒዬሞንቴ ውስጥ በቢላ የተከተፈ ጥሬ ሥጋ የታወቀ ምግብ ስለሆነ እዚያ ያሉ ሥጋ ቤቶች አስረዱን አይሉም።

ገበያ ስወጣ ምን ማወቅ አለብኝ?

አይብና ሥጋ በ“ኤቶ” ነው የሚጠየቀው፤ 1 ኤቶ 100 ግራም ነው። “ዱዌ ኤቲ” ካሉ 200 ግራም ይመዝኑልዎታል። ሥጋ ቤትና አይብ ቤት መጀመሪያ ከማሽኑ የወረፋ ቁጥር ይቁረጡ። ሱፐርማርኬት ውስጥ አትክልት በጓንት ይነካል፤ ሚዛኑ ላይ አስቀምጠው የአትክልቱን ቁጥር ተጭነው የዋጋ ወረቀቱን ይለጥፋሉ። ወረቀቱ ከሌለ ሒሳብ ላይ ሲደርሱ ይመልስዎታል። በሰፈር ገበያ (ሜርካቶ) ግን ራስዎ አይምረጡ፤ ነጋዴው ነው የሚያነሳልዎት። ሊዘጉ ሲሉ፣ ወደ 13፡00 (ከቀኑ 7 ሰዓት በአገር ቤት አቆጣጠር)፣ ዋጋ ይቀንሳሉ። ትናንሽ ሱቆች ከሰዓት በኋላ ለጥቂት ሰዓታት ይዘጋሉ፤ ኦገስት 15 አካባቢ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ይዘጋል፣ አስቀድመው ይሸምቱ።

አይብ የተፈቀፈቀ ከመግዛት ቁራጩን ይግዙ። ፓርሚጃኖ ሬጃኖ ቢያንስ 12 ወር፣ ግራና ፓዳኖ ቢያንስ 9 ወር ይቀመጣል፤ ለየቀኑ ወጥ ቤት ግራና በዋጋውም በጣዕሙም ይበቃል። ቅርፊቱን አይጣሉት፤ ታጥቦ ሾርባ ውስጥ ሲገባ ጣዕም ይሰጣል።

ፓስታዬ ለምን እንደ ጣሊያኖቹ አይሆንም?

ከሦስት ነገሮች አንዱ ነው፦ ውኃው፣ ጨው ወይም ሰዓቱ።

ልኩ ለማስታወስ ቀላል ነው፤ ለ100 ግራም ፓስታ 1 ሊትር ውኃ፣ 10 ግራም ጨው። ለአራት ሰው 400 ግራም ፓስታ፣ 4 ሊትር ውኃ፣ 40 ግራም የድንጋይ ጨው ማለት ነው። ጨው ብዙ ይመስላል፣ ግን አብዛኛው ከውኃው ጋር ይደፋል። ሱጎው ጨዋማ ከሆነ (አይብ ወይም አንቾቪ ካለው) ወደ 7 ግራም ያውርዱት። ውኃው ሲንተከተክ ጨው፣ ከዚያ ፓስታ፤ የመጀመሪያውን ደቂቃ በደንብ ያማስሉ፤ የሚያያዘው በዚህ ሰዓት ነው። ዘይት አያስፈልግም፤ ውኃው ላይ ተንሳፍፎ ይቀራል፣ የደረሰበት ፓስታ ደግሞ ሱጎ አይዝም።

ሰዓቱ ላይ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ሁሉ ይሳሳታል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ፓስታውም ምስሩም ጊዜ ይወስዳል። ሮም ወይም ሚላን 100 ዲግሪ ነው። እጅዎ በለመደው ሰዓት ከቀቀሉት ገንፎ ይሆናል። ፓኬቱ ላይ ከተጻፈው 2 ደቂቃ ቀንሰው ያውጡት፤ ሲነከስ መሐሉ ላይ ትንሽ ጠንካራ ነገር መቅረት አለበት።

ከማጥለልዎ በፊት አንድ ጭልፋ ውኃ ያስቀሩ። ፓስታውን በቀዝቃዛ ውኃ አያጥቡት (ለቀዝቃዛ ሰላጣ ካልሆነ በስተቀር)፤ ላዩ ላይ ያለው ስታርች ነው ሱጎውን የሚይዘው። ወዲያው ሱጎው ወዳለበት መጥበሻ ገልብጠው ካስቀሩት ውኃ እየጨመሩ በጠንካራ እሳት ለ2 ደቂቃ ያገላብጡ። ነጭ ፓስታ ሳህን ላይ አድርጎ ሱጎ ከላይ ማፍሰስና ይህ በጣም ይለያያሉ።

ሲገዙ “ትራፊላታ አል ብሮንዞ” የሚል ይፈልጉ፤ ላዩ ሻካራ ስለሆነ ሱጎ ይይዛል።

ቀላሉ ሱጎ እንዴት ይሠራል?

ለአራት ሰው 4 የሾርባ ማንኪያ የወይራ ዘይት ቀዝቃዛ መጥበሻ ላይ አድርገው 1 ወይም 2 ፍሬ የተጨፈለቀ ነጭ ሽንኩርት ይጨምሩና እሳቱን ያኔ ያብሩ። ከጋለ ዘይት ላይ ከጣሉት በሰከንዶች ውስጥ ይጠቁራል፤ የጠቆረ ነጭ ሽንኩርት ድስቱን በሙሉ ያመርረዋል። ሲሸት 400 ግራም ፓሳታ (ተፈጭቶ የተጣራ ቲማቲም) ወይም በእጅ የተፈጨ ፔላቲ (ተልጦ የታሸገ ቲማቲም) ጨምረው ክዳኑን ገርበብ አድርገው 20 ደቂቃ ያንተክትኩ። ዘይቱ ከዳር ሲለይ ደርሷል። ባዚሊኮ (የጣሊያን በሶብላ) የሚገባው እሳቱ ከጠፋ በኋላ ነው። ቢኮመጥጥ ጥቂት ደቂቃ ይጨምሩለት፤ ካልሆነ ቁንጥር ስኳር።

የቲማቲም ድልህ (ኮንቼንትራቶ) ብቻውን ሱጎ አይሆንም፤ ለማጠንከሪያ አንድ ማንኪያ ይበቃል።

ሶፍሪቶና የኛ ቁሌት አንድ ናቸው?

አይደሉም፣ እጅ የሚያሳስተውም መመሳሰላቸው ነው። ቁሌት ላይ ብዙ ሽንኩርት ያለ ዘይት ውኃው እስኪያልቅ ይቁላላል። ሶፍሪቶ ላይ ሽንኩርት፣ ካሮትና ሴዳኖ (ሰለሪ) እኩል በእኩል፣ በጣም ደቅቀው ተከትፈው፣ ከመጀመሪያው በዘይት፣ በዝግታ እሳት ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይለሰልሳሉ። ቡናማ መሆን የለባቸውም።

ራጉ (የተፈጨ ሥጋ የፓስታ ማባያ) የሚጀምረው ከዚህ ነው። የቦሎኛ ንግድ ምክር ቤት ዘንድ በ1982 ተመዝግቦ በ2023 የታደሰው አሠራር ለስድስት ሰው 400 ግራም ወፍራም የተፈጨ የበሬ ሥጋ፣ 150 ግራም ፓንቼታ (የአሳማ ሆድ ሥጋ)፣ ከሦስቱ አትክልቶች 60፣ 60 ግራም፣ ግማሽ ብርጭቆ ወይን፣ 200 ግራም ፓሳታ፣ 1 ማንኪያ ድልህ፣ ከተፈለገ ግማሽ ብርጭቆ ወተት ይላል። ሥጋው ሲጨመር ውኃ አውጥቶ እንዳይቀቀል እሳቱ ጠንከር ይበል፤ “ጭስ ጭስ” የሚለው ድምፅ ሲሰማ ወይኑ ይገባል፣ ሽታው ሲተን ቲማቲሙ፤ ከዚያ መረቅ እየጨመሩ ቢያንስ 2 ሰዓት በለሆሳስ እሳት። አሳማ የማይበላ ፓንቼታውን ትቶ የሥጋውን መጠን ይጨምር፣ ዘይቱንም አንድ ማንኪያ ያክል፤ ወይኑን በመረቅና በጥቂት ጠብታ ሎሚ ይተካ። ቲማቲም የበዛበት ራጉ ሱጎ ነው፤ በ200 ግራም ይመኑ። የሚቀርበው በታልያቴሌ (ጠፍጣፋ ረጅም ፓስታ) ነው፤ ስፓጌቲ ላይ አይቆምም፣ ሳህኑ ሥር ይቀራል።

በጾም ወቅት ምን እበላለሁ?

ከሚያስቡት በላይ አለ። የጣሊያን የገጠር ወጥ ቤት በጥራጥሬና በአትክልት የተሠራ ስለሆነ ሁዳዴን በሙሉ ሳይደገም መብላት ይቻላል። ደረቅ ፓስታ ብዙውን ጊዜ የዱረም ስንዴና ውኃ ብቻ ነው። አሊዮ ኦሊዮ ኤ ፔፔሮንቺኖ (ነጭ ሽንኩርት፣ ዘይት፣ ሚጥሚጣ)፣ ካፖናታ (የአትክልት ወጥ)፣ ማሪናራ ፒዛ (ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሪጋኖ፤ አይብ የለውም)፣ እና ከሁሉም በላይ ፓስታ ኤ ቼቺ፣ የሽንብራ ፓስታ።

ለአራት ሰው 300 ግራም ደረቅ ሽንብራ ሌሊቱን ይዘፍዝፉ። በ2 ሊትር አዲስ ውኃ፣ ከአንድ ዘለላ የጥብስ ቅጠል ጋር አንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ይቀቅሉ። የሮም ውኃ ኖራ ስለሚበዛበት ሽንብራው አልለሰልስ ይላል፤ መዘፍዘፊያው ውስጥ ቁንጥር ቢካርቦናቶ (ቤኪንግ ሶዳ) ጨምረው አጥበው ይድፉት። ጨው መጨረሻ ላይ ነው። በሌላ ድስት 4 ማንኪያ ዘይት፣ 2 ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ ሌላ የጥብስ ቅጠልና 2 ማንኪያ ድልህ አሙቀው ሽንብራውን ከነመረቁ ይጨምሩ። ሲሶውን ፈጭተው ይመልሱት፤ የሚያወፍረው እሱ ነው። ከዚያ 200 ግራም ዲታሊኒ (ትንንሽ አጭር ፓስታ) እዚያው ውስጥ ይቀቅሉ፤ ሳያማስሉ አይተዉት፣ ከሥር ይይዛል። እሳቱን አጥፍተው 5 ደቂቃ ካሳረፉት በኋላ ጥሬ የወይራ ዘይት ያንጠባጥቡበት። ካደረ ፓስታው መረቁን ይመጥጣል፤ በፈላ ውኃ ያቅጥኑት።

ሊጉሪያ ካሉ ፋሪናታም (የሽንብራ ቂጣ) አለ፦ 300 ግራም የሽንብራ ዱቄት፣ 900 ሚሊ ሊትር ውኃ፣ 10 ግራም ጨው ተመትቶ ቢያንስ 4 ሰዓት ያርፋል፤ አረፋው ይገፈፋል፤ 100 ሚሊ ሊትር ዘይት ባለበት ትሪ ላይ በስሱ ተዘርግቶ በ250 ዲግሪ ፎርኖ እስኪቀላ 20 ደቂቃ ያህል። የሽሮ ዱቄት የተቆላና ቅመም ያለበት ስለሆነ በዚህ ቦታ አይሆንም።

የተደበቀውን ይጠንቀቁ። ትኩስ ፓስታና ኞኪ ብዙውን ጊዜ እንቁላል አላቸው፤ ፔስቶ አይብ አለው፤ ፑታኔስካ አንቾቪ አለው፤ ሚኔስትሮኔ ውስጥ የፓርሚጃኖ ቅርፊት ይገባል። መለያ ጽሑፉ ላይ ወተት (ላቴ)፣ እንቁላል (ኡዎቮ)፣ ዓሣ (ፔሼ) ለአለርጂ ሲባል ጎልተው ይታተማሉ። የአሳማ ስብ (ስትሩቶ) ግን አለርጂ ስለማይባል አይጎላም፤ ፒያዲናና አንዳንድ ዳቦና ፎካቻ ላይ ዝርዝሩን ፊደል በፊደል ያንብቡ። ምግብ ቤት ውስጥ “ቬጋኖ” የሚለው ቃል ሁሉንም ያስረዳል።

አሳማ የማይበላ ሰው የትኞቹን ይተው?

ካርቦናራ፣ አማትሪቻናና ግሪቻ በጓንቻሌ (በአሳማ ጉንጭ) ይሠራሉ። ሳልሲቻ፣ ሞርታዴላ፣ ስፔክ፣ ፓንቼታ፣ ሎንዛ ሌላ ካልተባለ አሳማ ናቸው። ካቾ ኤ ፔፔ አይብና ቁንዶ በርበሬ ብቻ ነው። ፓርሚጃኖና ግራና የሚረጉት ከጥጃ ጨጓራ በሚወጣ እርሾ መሆኑን ማወቅ የሚፈልግ ይወቅ። የሐላል ሥጋ ቤት “ማቼሌሪያ ኢዝላሚካ” ተብሎ በትላልቅ ከተሞች ይገኛል።

ሪዞቶ ለምን አይሳካልኝም?

ሩዙን አጥበውት ወይም ተራ ሩዝ ገዝተው ይሆናል። ካርናሮሊ ወይም አርቦሪዮ፣ ለአንድ ሰው 80 ግራም፣ ሳይታጠብ። መጀመሪያ በደረቁ ይታመስ፣ መረቁ የፈላ ይሁን፤ ቀዝቃዛ መረቅ ብስለቱን ያቋርጠዋል። 16 እስከ 18 ደቂቃ። ቅቤና አይብ የሚገባው ከእሳት ከወረደ በኋላ ነው፤ ሳህን ላይ ሲዘረጋ መፍሰስ አለበት፣ መቆለል የለበትም።

ምግብ ብጋበዝ ምን ልወቅ?

ምሳ 13፡00 (ከቀኑ 7 ሰዓት በአገር ቤት አቆጣጠር)፣ እራት 20፡00 (ከምሽቱ 2 ሰዓት) ግድም ነው። መጀመሪያ ፓስታ ወይም ሪዞቶ (ፕሪሞ)፣ ቀጥሎ ሥጋ ወይም ዓሣ (ሴኮንዶ) ከአትክልት ጋር ይመጣል፤ በመጀመሪያው ሳህን አይጥገቡ። የዓሣ ፓስታ ላይ አይብ አይጠየቅም። ካፑቺኖ የጠዋት ነው፣ ከምግብ በኋላ ኤስፕሬሶ ነው የሚጠጣው። ከኬክ ቤት በትሪ የተጠቀለለ ፓስቲ ይዘው ቢሄዱ ያስደስታል። ጾም ላይ ከሆኑ ከሁለት ቀን በፊት ይንገሩ፤ ደርሰው አልበላም ማለት አብሳይዋን ያሳዝናል።

የአገር ቤት ቡና በሞካ ሲሠራ ለምን አይወርድም?

ለጀበና የሚፈጨው ቡና በጣም ስለሚልም ማጥለያውን ይደፍነዋል፤ እንፋሎቱም ከጎን ባለው ማስተንፈሻ ይወጣል። ለሞካ ከዚያ ትንሽ ሻከር ተደርጎ ይፈጭ። ውኃው ከማስተንፈሻው ዝቅ እስኪል ይሞላ፣ ቡናው ሳይጠቀጠቅ ይሞላ፣ እሳቱ ትንሽ ይሁን። መንኮሻኮሽ ሲጀምር ወዲያው ያውርዱ፤ ከዚያ በኋላ የሚወጣው መራራው ነው። በሳሙና ሳይሆን በውኃ ብቻ ያጠቡት፣ ተበታትኖ ይድረቅ። ከመጋጠሚያው የሚያፈስ ከሆነ ጎማው (ጓርኒሲዮኔ) አርጅቷል፤ በሲኒው ቁጥር ልክ በቤት ዕቃ ሱቅ ይሸጣል።

ቡና በሙቀጫ የሚወቅጡ ከሆነ የሕንፃውን የጸጥታ ሰዓት ይመልከቱ፤ በብዙ ሕንፃ ከምሳ በኋላ እስከ 16፡00 (ከቀኑ 10 ሰዓት በአገር ቤት አቆጣጠር) ድረስ ነው፤ ደንቡ ደረጃው መግቢያ ላይ ተለጥፎ ይገኛል።